በካውያ የተተኮሰ ዝኩኒ

«እማዬ፣ ለመሆኑ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ጽገረዳ ይህን የጠየቀችው የቲማቲም ሣጥን በትከሻዋ ተሸክማ፣ አምስት ፎቅ በደረጃ ወጥታ፣ የሰገነቱን በር በጉልበቷ ገፍታ እንደገባች ነበር። አሳንሰሩ ነሐሴ ሲገባ እሱም እንደ ሰዉ ዕረፍት የወጣ ይመስል ቀጥ ብሏል። እናቷ የሻረግ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ተቀምጣ ደበርጃን እየቆረጠች ነበር። ቀና አለችና ልጇን አየች፣ ሣጥኑን አየች፣ ሰማዩን አየች።

«ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለች በመጨረሻ።

ሰማዩ ላይ የጥጥ ቁራጭ የምታህል ደመና እንኳ አልነበረችም። ከእግራቸው ሥር ሮም እንደ ምጣድ ግላለች። ጽገረዳ ሣጥኑን አወረደች፣ ላቧን በክንዷ ጠረገችና እሷም ቢላዋ አነሣች። እናቷን ታውቃታለችና።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ክረምት በአገር ቤት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው እየተባለ አጥሩም ድልድዩም ቀለም የሚቀባበት ክረምት ነበር። ጽገረዳ በሱዳን በኩል ወጥታ እናቷ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የሻረግ ግን የሮም ነባር ናት። ደርግ የእትዬ አንጄላን ባለቤት የዱቄት ፋብሪካ የወረሰ ጊዜ ከእመቤቷ ጋር አብራ ወጥታ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ካለው ቤታቸው ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። በተለይ መተኮስ። የሻረግ የተኮሰችው ሸሚዝ ብቻውን ይቆማል ይባል ነበር። እትዬ አንጄላ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ሲጸልዩ በጣሊያንኛ፣ ሲቆጡ በአማርኛ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ከጸሎቱ ይልቅ ቁጣው በርክቷል።

የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ለጽገረዳ ከካናዳ ወረቀት መጣላት። ዊኒፔግ በምትባል ከተማ ያሉ ምእመናን ሊቀበሏት፣ ነርስ የሚሆኑበት ትምህርት ቤትም ሊያስገቧት ተስማሙ። ወረቀቱ የአንድ ሰው ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው በፈረንጆቹ መስከረም መባቻ ሲሆን፣ እስከዚያ ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የጉዞውን ነገር የሚጨርሰው ቢሮ «ቀኑን ንገሩንና ቢሊየቶውን እንቆርጣለን» አለ።

የሻረግ ወረቀቱ የመጣ ዕለት እልል አለች። ማታውኑ ወገቧን አመማት። በማግስቱ ራሷን፣ በሦስተኛው ቀን ጥርሷን። ያቺን ልጅ የስምንት ዓመት ሕፃን ሆና ለአክስቷ ትታት መጥታ፣ ስታገኛት ቁመቷ በልጧት ነበር። ገና ጠግባ ሳታያት ደግሞ ልትሄድባት ነው። ይህን ግን ለማን ይነግሩታል? ልጅ ሊያልፍላት ሲል እንቅፋት የምትሆን እናት ምን ትባላለች?

ጽገረዳም የጥርሱ ሕመም ገባትና፣ «ቀኑን አንቺ ቁረጪው፣ እማዬ። አንቺ ሂጂ ስትይኝ እሄዳለሁ» አለቻት።

የሻረግ ሁለት ሌሊት ስታስብበት ሰንብታ፣ «አትክልቱ ሲደርቅ» አለች።

የአትክልቱን ነገር ያመጣችው ጓደኛዋ አሰለፈች ናት። አሰለፈች ፓሪዮሊ በሚባል ሰፈር ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ሐሙስ ከሰዓት፣ የቤት ሠራተኛ ሁሉ በሚያርፍበት ጊዜ፣ ሁለቱ ፒያሳው ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብለው የዓለምን ጉዳይ አንድ በአንድ ሲዘጉ ይውላሉ።

«የሹ፣ እዚያ አገር እኮ ስምንት ወር በረዶ ነው» አለቻት አንድ ሐሙስ። «ቅጠል የሚባል ነገር የለም። ጎመን የሚያዩት በፎቶ ነው።»

«በፎቶ?»

«በፎቶ። ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«ቆርቆሮ» አለች አሰለፈች፣ የታሸገ ምግብ ማለቷ ነው። የሻረግ ግን ልጇ ቆርቆሮ ስትቆረጥም ታያትና ዓይኗን ጨፈነች።

በዚያ ላይ ጽገረዳ ምግብ አትችልም። ውኃ ጥዳ ብረት ድስት ያሳረረች ልጅ ናት። ይህቺ ልጅ በዚያ በረዶ መካከል፣ ጾሙ ሲመጣ ምን ልትሆን ነው? የሻረግ ቆርጣ ተነሣች። ቲማቲሙን፣ ዝኩኒውን፣ ደበርጃኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ጎመኑን ታደርቀዋለች። የደረቀ ነገር አይከብድም፣ አይበላሽም። ልጅቷ አንድ እፍኝ ውኃ ውስጥ ትነክራለች፣ ያብጥላታል፣ ወጥ ይሆንላታል። ይህንንስ አታሳርረውም። ታሳርረው ይሆን እንዴ?

ነሐሴ ሲገባ ሮም ባዶዋን ቀረች። ፌራጎስቶ የሚሉት የነሐሴ በዓል ነው ብሎ ሰዉ ሁሉ ወደ ባሕሩ ነጎደ። እትዬ አንጄላም እስከ ወሩ መጨረሻ ብለው እህታቸው ዘንድ፣ ላዲስፖሊ ወደምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ወረዱ። የሕንፃው ዘበኛም የለ፣ ጎረቤትም የለ፤ ያ የልብስ ማስጫ ሰገነት እንዳለ ለየሻረግ ተለቀቀ። እሷ ፍልሰታን እየጾመች፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሣጥን በሣጥን እያስመጣች፣ መቁረጥና ማስጣት ጀመረች። ቲማቲሙን ለሁለት ሰንጥቃ ጨው ትነሰንስበታለች። ፎሶሊያውንና ጎመኑን የፈላ ውኃ አሳይታ ታወጣለች፣ ቀለሙ እንዳይሞት። ደበርጃኑን እንደ ቋንጣ በረጅሙ ሸንሽና የልብስ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች።

ከመጀመሪያው ቀን እርግቦች መጡ። የሮም እርግብ ሰው አይፈራም። የሻረግ በመጥረጊያ አባረረች፣ ጮኸች፣ በሦስት ቋንቋ ተሳደበች። በመጨረሻ ከእትዬ አንጄላ ቁምሣጥን ውስጥ ያቺን ፔሊቻ የሚሏትን የፀጉር ካፖርት አወጣችና መጥረጊያው ላይ አልብሳ፣ በላዩ ባርኔጣ ደፍታ አቆመችው። እርግቦቹ ሸሹ። ከግቢው ማዶ ያሉት ሽማግሌ ሲኞር ፒዬትሮ ግን አልሸሹም። እሳቸው ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ነሐሴን ሮም የሚያሳልፉ ብቸኛ ሰው ናቸው። በየማለዳው በመስኮት ብቅ ይሉና ባርኔጣቸውን አንሥተው፣

«ቦንጆርኖ፣ ሲኞራ አንጄላ!» ይላሉ።

ፔሊቻዋ ዝም። ሲኞር ፒዬትሮ ቅር ብሏቸው መስኮቱን ይዘጋሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አትክልቱ አልደርቅ አለ። ለምን ቢሉ፣ የሻረግ ላስቲክ ታለብሰው ነበር።

ነሐሴ ነዋ! የሻረግ ያደገችው ነሐሴ ማለት ዝናብ፣ ዝናብ ማለት ነሐሴ በሆነበት አገር ነው። ሮም አሥር ክረምት ኖራለች፤ ነሐሴ ላይ ድንጋይ ሲሰነጠቅ በዓይኗ አይታለች። አካሏ ግን አላመነም። ሰማዩ ጠራ ማለት ሊያታልላት ነው። ነፋስ ሽው ካለ፣ ጥላ ካለፈ፣ አውሮፕላን ከጮኸ የሻረግ «መጣ! መጣ!» ብላ ያንን ትልቅ ላስቲክ በአትክልቱ ላይ ትዘረጋለች። ቲማቲሙ በዚያ ፀሐይ ከላስቲክ ሥር ያልበዋል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያም ጢም ያበቅላል። እሷ ደግሞ የሻገተውን ትጥልና አዲስ ሣጥን ታዛለች።

ፋውስቶ የሚባለው የፒያሳ ቪቶሪዮ አትክልት ሻጭ ነገሩ ከነከነው።

«ሲኞራ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በድብቅ ሪስቶራንቴ ከፍተሻል?»

«የለም፣ ለልጄ ነው።»

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«አንድ።»

ፋውስቶ ጽገረዳን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ቀጭን ናት። «የት ነው የምታስገባው?» አለ። የሻረግ እንደሚደርቅ በነገረችው ጊዜ ደግሞ ሳቀ። እሱ የደቡብ ጣሊያን፣ የፑልያ ልጅ ነው፤ እናቱም አያቱም ሲያደርቁ ነው የኖሩት። «ታዲያ ከበቂ በላይ ነው! በዚህ ፀሐይ በአራት ቀን ያልቃል።»

«ላስቲክ እናለብሰዋለን» አለች ጽገረዳ እናቷን በጎን እያየች።

«ላስቲክ?» ፋውስቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ማዶና ሚያ! ለምን?»

«ዝናብ» አለች የሻረግ በዝግታ።

ፋውስቶ ወደ ላይ አየ፣ ወደ የሻረግ አየ፣ ዳግመኛ ወደ ላይ አየ። ከዚያ የሐዘንተኛ ፊት ይዞ ሣጥኑን አነሣላት።

ሆን ብላ ነው? እንዲያ ብሎ የሚምል አልነበረም፤ የሻረግም ራሷ አትምልም። ብቻ ቲማቲሙ ሊደርስ ሲል ዝኩኒው ትዝ ይላታል። ዝኩኒው ሊያልቅ ሲል «ካሮትስ? ለበሽተኛ መርፌ የምትወጋ ልጅ ያለ ካሮት ዓይኗ እንዴት ይሆናል?» ትላለች። ካሮቱ ተቆርጦ ሲያበቃ ቃሪያ። ከቃሪያው በኋላ ሽንኩርት። ጽገረዳ ሣጥን መሸከሙን አላቋረጠችም፤ ግን በየቀኑ ዝምታዋ እየረዘመ ሄደ።

የደረሱት ጥቂቶች ደግሞ በከረጢት ይታሸጋሉ። መድረቃቸውን የምታውቀው ሰበር አድርጋ ነው፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተለመጠ ተመልሶ ይሰጣል። ሙቀቱ ሳይወጣለት አይታሸግም፤ ካለበለዚያ ውስጥ ለውስጥ ያልበዋል። በየከረጢቱ ላይ ስም መጻፍ የየሻረግ ሥራ ነው፣ ማንም አይነካባትም። እሑድ እሑድ ከሰዓት ሲስተር አብረኸት የሚባሉ መነኩሴ ለቤት ሠራተኞች ፊደል ያስተምራሉ፤ የሻረግ እዚያ ከገባች ሰባተኛ ወሯ ነው። ጽገረዳ ስትሄድ ደብዳቤዋን ሌላ ሰው እንዲያነብላት አትፈልግም። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ትጽፋለች፦ ጎመን።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ካሮት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጎመን ብለሽ ጽፈሻል።»

«ጎመንን ነዋ አሳምሬ የምጽፈው። ከፍተሽ ስታዪው ካሮት መሆኑ ይጠፋሻል?»

እንዲህ እንዲህ ሲል ፍልሰታ ተፈታ፣ ፌራጎስቶም አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ጽገረዳ አነሣች፣ «ሲ፣ ሲ፣ ቫ ቤኔ» አለችና ዘጋች።

«ቢሮው ነው። እስከ ነገ ጠዋት ቀን ካልነገርናቸው ዘንድሮ አይሆንም አሉ።»

የሻረግ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ጥርሷን ጀመራት።

ጽገረዳ ግን ወደ ሰገነቱ ወጣች። ላስቲኩን ገፈፈችው፣ አጣጠፈችው፣ ቤት ወርዳ የሆነ ቦታ ሸሸገችው። «ዛሬ ሳይለብስ ይዋል» አለች። «አንድ ቀን ብቻ እመኚ፣ እማዬ። ፀሐይዋን አንድ ቀን ብቻ እመኛት።»

የሻረግ ተለመነችና አመነች። ቲማቲሙም፣ ዝኩኒውም፣ የመጨረሻው ደበርጃን ሁሉ ራቁቱን ተሰጣ። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰማዩን ቀና ብላ አላየችም፤ እንደ ስለት አድርጋ ያዘችው። አትክልቱ እያየችው ይኮማተር ጀመር። ደበርጃኑን ብትሰብረው ቀጭ ሊል ምንም አልቀረው።

ያን ጊዜ ዘነበ።

እንዲህ ያለ ዝናብ ሮም ነሐሴ ላይ አይታ አታውቅም። መብረቁ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ሲሰነጥቅ፣ ሰማዩ የተጠራቀመ ቂሙን ሁሉ በየሻረግ ቲማቲም ላይ አፈሰሰው። ዝኩኒው እንደ ዓሣ ዋኘ። ሽንኩርቱ በአሸንዳ ወረደ። ፔሊቻዋ ባርኔጣዋን ጥላ በፊቷ ተደፋች።

«አላልኩሽም! አላልኩሽም!» እያለች የሻረግ በዝናቡ መሐል ትሮጣለች። ለሦስት ሳምንት የጠበቀችው ነገር ስለመጣ ፊቷ ላይ ድል ነሺነት የሚመስል ነገር ነበር።

የተገኘውን በባልዲ፣ በሳህን፣ በቀሚሳቸው ሰብስበው ወጥ ቤት አስገቡ። ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ረጥበው ቆሙ። ጽገረዳ ጸጉሯ ላይ የተለጠፈውን ዝኩኒ አነሣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተናደደችም። ብትናደድ ይሻል ነበር።

«ይቅር፣ እማዬ» አለች በለሆሳስ። «ዘንድሮ ይቅር። አንቺን እንዲህ አድርጌ መሄድ አልችልም። እትዬ አሰለፈች ነግረውኛል፤ ሲኞራ ዳኒዬላ ፊሳ፣ አዳሪ ሠራተኛ፣ ይፈልጋሉ። እዚያው እያደርኩ እሠራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እንገናኛለን።»

ይኸው፤ የሻረግ በሆዷ የለመነችው ሁሉ ተሰጣት። ልጇ ቀረችላት። ደስ ሊላት ሲገባ ጆሮዋ ውስጥ ግን ደወል ጮኸ። ሲኞራ ዳኒዬላን ታውቃቸዋለች፤ የሮም ሠራተኛ ሁሉ ያውቃቸዋል። ደወል አላቸው። ውኃ ሲጠማቸው ደወል፣ መነጽራቸው ሲወድቅ ደወል፣ ደወሉ ራሱ ሲጠፋባቸው ሌላ ደወል። የሻረግ ልጇን ነጭ ቆብ ደፍታ፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ በዚያ ረጅም ኮሪደር ስትሮጥ አየቻት። ዘንድሮ ስትሮጥ፣ ከርሞ ስትሮጥ፣ በየሻረግ ዕድሜ ስትሮጥ።

«ጽጌ!» ብላ ጮኸች።

«አቤት!»

«ካውያውን ሰኪ!»

«ምን?»

«ካውያውን! ነገ ጠዋት አልቋል እንላቸዋለን። ካውያ ሰኪ ስልሽ!»

ፎጣው ሁሉ ረጥቧል፤ ከታች ሊነጠፍ፣ ከላይ ሊለብስ የሚችል ደረቅ ጨርቅ የለም። የሻረግ ወደ እትዬ አንጄላ ሣጥን ሄደች። እናታቸው ለሠርጋቸው ያስጠለፉላቸው፣ ለአንድም እንግዳ ተነጥፎ የማያውቅ ነጭ የሊኖ አንሶላ እዚያ አለ። አማተበችና አወጣችው።

የመጀመሪያው ዝኩኒ በአንሶላ ተጠቅልሎ ካውያ ሲያርፍበት «ጭስስስ» ብሎ ቤቱን በእንፋሎት ሞላው። ሁለተኛው ተጣበቀ። ሦስተኛው ሲወጣ ግን እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ዙሪያው ተሞርዶ፣ ለበዓል የተዘጋጀ መሐረብ መሰለ።

«ኧረ አንገትጌ አበጂለት!» አለች ጽገረዳና ሳቋ አመለጣት። ከሳምንታት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«ሳቂ አንቺ፤ ዊኒፔግ ላይ ስትበዪው ታመሰግኚኛለሽ። ደበርጃኑን አቀብዪኝ። በፊቱ አይደለም! ደበርጃን በጀርባው ነው የሚተኮስ፣ እንደ ሱሪ።»

ጽገረዳ ትጨምቃለች፣ ትዘረጋለች፤ የሻረግ ትተኩሳለች። ጎመኑ ቀጥ ቀጥ አለ። ፎሶሊያው የወታደር ሰልፍ መሰለ። ቲማቲሙ ብቻ ክፉ ነበር፤ ካውያው ሲነካው ተስፈንጥሮ አንሶላውን፣ ግድግዳውን፣ የየሻረግን ግንባር ቀይ በቀይ አደረገው። ቤቱ ፒሳ ፒሳ ሸተተ።

በዚህ መካከል ከግቢው በኩል የሲኞር ፒዬትሮ ድምፅ ተሰማ።

«ሲኞራ አንጄላ! እንኳን መጡ አልልዎትም! ሳምንታት ሙሉ ቦንጆርኖ ስልዎት፣ በዚያ ሙቀት ፔሊቻ ለብሰው ቆመው እንደ ድንጋይ ሲንቁኝ!»

«እኔ?» አለ ሌላ ድምፅ። «ፔሊቻ?»

የሻረግ ካውያውን ይዛ ደነዘዘች። ያው ዝናብ ላዲስፖሊም ዘንቦ፣ የባሕሩን ዣንጥላ ሁሉ ጠራርጎ፣ እትዬ አንጄላን ከነሻንጣቸው ወደ ቤታቸው መልሷቸዋል። ቁልፉ ቂው አለ። እትዬ አንጄላ ወጥ ቤት በር ላይ ደረሱ። እንፋሎቱን አዩ። የእናታቸውን አንሶላ አዩ። በአንሶላው ላይ ያለውን ቀይ አዩ። የበሩን ጉበን ያዙ።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

«ቲማቲም ነው፣ እትዬ።»

ካውያው ይንተከተካል። ከዚያ ቁጣው መጣ፣ በጥሩ አማርኛ መጣ። የእናታቸው ነፍስ፣ የሠርጋቸው ቀን፣ ፔሊቻዋ፣ ሲኞር ፒዬትሮ ፊት የደረሰባቸው ውርደት፣ ሁሉም ተራ በተራ ተጠራ። የሻረግ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ አለች፦

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ካልደረሰ ልጄ ሲኞራ ዳኒዬላ ቤት ልትገባ ነው።»

እትዬ አንጄላ ጽገረዳን አዩዋት።

«የደወሏ?»

«የደወሏ።»

እትዬ አንጄላ ሻንጣቸውን አስቀመጡ። ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አሉ። አንድ የተተኮሰ ዝኩኒ በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃን ያዙት፣ አሸተቱት፣ ጫፉን ነከስ አደረጉት። ከዚያ የካውያውን የሙቀት መዘውር ተመለከቱና ፊታቸው እንደገና ቀላ።

«ሊኖ ላይ አድርገሽ ነው የምትተኩሺው? ዝኩኒን በሊኖ? ሙቀቱ ፈጀው እኮ! ዝኩኒ በሐር ነው፣ በሴታ!»

«እትዬ፣ በሴታ አይጨርስም፤ ላና፣ የሱፉ ይሻለዋል።»

«ላና ለደበርጃን ነው! ወዲያ በይ፣ ስጪኝ።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ጽገረዳ፣ ቬንቲላቶሬውን አምጪና ቲማቲሙ ላይ ንፊበት። ቲማቲም አይተኮስም። ይህን ማንም ያውቃል። አሎራ፣ ፔሊቻዬ የት ናት?»

የሻረግ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ በዓይኗ ጠቆመች። ፔሊቻዋ ገንዳው ላይ ተሰቅላ እንደ ረጠበ ውሻ ታንጠባጥባለች፤ ክንዷ ላይ ደበርጃን ተለጥፎባታል።

«በእሷ ቅዳሜ እንጣላለን» አሉ እትዬ አንጄላ።

እስከ ራት ሰዓት ሦስቱም ቆመው ሠሩ። አንዷ ስትተኩስ አንዷ ታናፋለች፣ አንዷ ሰበር እያደረገች «ቀጭ አላለም፣ ይመለስ!» ትላለች። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ቀዝቅዞ ታሸገ። የሻረግ በየከረጢቱ ጎመን፣ ጎመን፣ ጎመን ብላ ጻፈች። ከዚያ ሌላ ሰው ሳያስደውልላት ስልኩን ራሷ አነሣች።

«ፕሮንቶ። የጽገረዳ እናት ነኝ። ልጄ ቅዳሜ ትሄዳለች።» ቀጥላም «አልቋል» አለች።

«ምኑ?» አለ የቢሮው ሰው።

«ጎመኑ።»

ዘጋችና ወደ ልጇ ዞረች። ጽገረዳ መጥታ ግንባሯ ላይ የቀረውን የቲማቲም ነጠብጣብ በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። የሻረግ ያን ጊዜ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው አለች። ሽንኩርቱ በአሸንዳ ከወረደ ቆይቷል።

አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣው ከበደና ወይ ልብስ ወይ አትክልት ተባለ። ጽገረዳ ሦስት ቀሚስ ደራርባ ለበሰች። የፍተሻው ሰው አንዱን ከረጢት ከፍቶ አሸተተና፣

«ምንድን ነው?» አለ።

«ጎመን» አለች የሻረግ ከአጥሩ ወዲህ ሆና።

«ይሄ ቀዩስ?»

«እሱም ጎመን።»

በወሩ ጽገረዳ ከዊኒፔግ ደወለች። ካናዳ ጎመን አለ። በፎቶ አይደለም፤ ከቤቷ ትይዩ ባለው ሱቅ፣ ክረምት ከበጋ፣ ተቆልሎ ይሸጣል። ግን የየሻረግን እየበላች ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳርራለች። የሻረግ ያን ሐሙስ ፒያሳው ላይ አሰለፈችን አገኘቻትና ነገረቻት።

«አዲስ ያመጡት ይሆናላ» አለች አሰለፈች ምንም ሳይደነግጣት።

ጽገረዳ ሄደች። የእትዬ አንጄላ እናት አንሶላ በሣጥኑ ውስጥ ከነቀዩ ቀረ፤ ፔሊቻዋም ከዚያ ወዲህ ከረጠበ ውሻ ሽታዋ ጋር ቀረች። የሻረግም ቀረች።